ሁለተኛው ምዕራፍ ከመቆፈሩ በፊት፦ ለከተማችን አስተዳደርና ምክር ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የከተማችን ከንቲባ፣
ለከተማው ምክር ቤት አባላት፣
ለከተማ ፕላን፣ ለቤቶች ልማት እንዲሁም ለውሃና ፍሳሽ ጽሕፈት ቤቶች፤

ጉዳዩ፦ የአንደኛው ምዕራፍ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ጉድለት ሳይታረም የሁለተኛው ምዕራፍ ግንባታ እንዳይጀመር ስለመጠየቅ

ክቡር ከንቲባ፣

ባለፈው ወር በከተማው አዳራሽ በተጠራው ስብሰባ ላይ ከከተማችን በስተ ምሥራቅ በሚገኘው የእርሻ መሬት ሁለተኛው ምዕራፍ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ከክረምት በኋላ እንደሚጀመር፣ ፕላኑም እንደ ጸደቀ ተነግሮናል። የጥሪ ወረቀቱ «የሕዝብ ምክክር» ይል ነበር፤ ነገር ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ካርታ አስቀድሞ ማኅተም ያረፈበት ስለ ነበር፣ የተጠራነው ለመማከር ሳይሆን ለመስማት መሆኑን ገና ሳንቀመጥ ተረድተናል። ቀደም ሲል በጽሑፍ ያስገባናቸው ሁለት አቤቱታዎችም «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ከሚል ቃል ያለፈ ምላሽ አላገኙም። ይህን ደብዳቤ ለጽሕፈት ቤትዎም ለከተማው ሕዝብም እኩል የምናቀርበው በዚህ ምክንያት ነው።

የምንጽፈው ሰዎች ከሦስት ወገን ነን፦ የነባሩ ከተማ ነዋሪዎች፣ በአንደኛው ምዕራፍ ዕጣ ወጥቶልን ኮንዶሚኒየም የገባን፣ እንዲሁም መሬታችን ለአንደኛው ምዕራፍ የተወሰደብንና ለሁለተኛው የተለካብን አርሶ አደሮች። ሳንደብቅ ለመናገር፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እርስ በርስ ስንካሰስ ነው የቆየነው። ነባሩ ነዋሪ ውሃዬን የወሰደብኝ ኮንዶሚኒየሙ ነው ይላል፤ የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ ቱቦውን የሚሰብረው አርሶ አደሩ ነው ይላል፤ አርሶ አደሩ ደግሞ ሁለቱም ተባብረው ወንዜን አበላሹብኝ ይላል። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀመጠን ጎመን ነው፤ ወደ እርሱ እንመለስበታለን።

ቤት አይሠራ የሚል ሰው ከመካከላችን የለም። ብዙዎቻችን አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ያደግን፣ የዕጣው ዝርዝር የወጣበትን ጋዜጣ ዘርግተን ስማችንን በጣት የፈለግን፣ ለቅድሚያ ክፍያው ዕቁብ የገባን ሰዎች ነን። የምንቃወመው የሥራውን ቅደም ተከተል ነው። ሕንፃው ይቀድማል፣ ዕጣው ይወጣል፣ ሪፖርቱ ይጻፋል፤ ውሃው፣ ፍሳሹ፣ መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱና የተነሺው ኑሮ ግን «በሂደት ይሟላል» ይባላል። በሂደት ይሟላል የተባለው ሁሉ ዛሬም በሂደት ላይ ነው።

በመጀመሪያ የውሃውን ጉዳይ እናንሣ። አንደኛው ምዕራፍ ሲሠራ የራሱ የውሃ ምንጭ አልተፈለገለትም፤ ለነባሩ ከተማ ታስበው ከተቆፈሩት ጉድጓዶች በሚመጣው መስመር ላይ ነው የተቀጠለው። ከዚያ በፊት በየዕለቱ ውሃ ያገኝ የነበረው ነባሩ ከተማ ወደ ፈረቃ ገባ፤ ኮንዶሚኒየሙም ከፈረቃው የተረፈውን ይጠብቃል። ፈረቃው በደረሰበት ሌሊት እንኳ ግፊቱ ከአንደኛ ፎቅ ስለማያልፍ፣ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ያለን ሰዎች ባልዲ ይዘን ምድር ቤት ያለውን ጎረቤት እናንኳኳለን። አቅም ያለው በረንዳው ላይ ሮቶ አስቀምጧል፤ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን እንደሚመዝን፣ በረንዳው ደግሞ ለልብስ ማስጫ እንጂ ለአንድ ቶን እንዳልተሰላ ያስጠነቀቀው ሰው የለም። ሌላው ፓምፕ ገዝቶ በቀጥታ ከመስመሩ ይስባል፤ የእርሱ ሮቶ ሲሞላ የጎረቤቱ ቧንቧ ያፏጫል። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት ጡረተኛ መምህርት ውሃ ለሚያወጣላቸው ልጅ የሚከፍሉት በጀሪካን ብቻ ሳይሆን በፎቅም ተሰልቶ ነው፤ ዋጋው በየደረጃው ይጨምራል። በእጃቸው ያለው ውል ግን ቤቱን የተረከቡት መሠረተ ልማቱ ተሟልቶ እንደሆነ ይገልጻል።

ለሁለተኛው ምዕራፍ ሁለት አዳዲስ ጉድጓዶች ተቆፍረው «በቂ ውሃ ተገኝቷል» ተብለናል። የፓምፕ ሙከራው መቼ እንደተደረገ ስንጠይቅ በመስከረም መጨረሻ ነው ተባልን። በመስከረም ያልሞላ ጉድጓድ የት አለ? የከርሰ ምድር ውሃ ከክረምት ማግሥት ከፍ ብሎ፣ በሚያዝያና በግንቦት ዝቅ እንደሚል በጓሮው ጉድጓድ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከተማ የሚለካውም በሚጠማበት ወር እንጂ በሚጠግብበት ወር መሆን የለበትም። በዚያ ላይ አዲሶቹ ጉድጓዶች የተቆፈሩት ከነባሮቹ ብዙ ሳይርቁ ነው፤ ሁለቱም የሚስቡት ከአንድ የከርሰ ምድር ውሃ ከሆነ አንዱ ሲጠባ ሌላው ይወርዳል። በሁለት ጣሳ ስለተቀዳ ጋኑ ውስጥ ያለው ጠላ አይበዛም። ከአዲሶቹ ጉድጓዶች በታች ከብቶቻቸውን የሚያጠጡ አርሶ አደሮች ምንጫቸው ከሙከራው ወዲህ መቅጠኑን ከሦስቱ ወገኖች ለተውጣጣው ኮሚቴያችን ነግረዋል፤ ይህን መጥቶ ያየ ባለሙያ እስካሁን የለም።

ስለ ዝናብም አንድ ነገር እንጨምር፤ ከጉዳዩ ውጪ አይደለም። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ያህል በሚዘንብበት ደጋ ላይ፣ ጣሪያው 300 ካሬ ሜትር የሆነ አንድ ብሎክ 300,000 ሊትር ይወርድበታል። ግማሹ እንኳ ቢጠራቀም ለመጸዳጃ ቤት፣ ለልብስና ለደረጃ ማጠቢያ ብዙ ወራት ያገለግል ነበር። በአንደኛው ምዕራፍ ግን ውሃው በአሸንዳ ወርዶ ከሕንፃው መሠረት ሥር ይተኛል፤ ነዋሪው በሐምሌ እግሩ ጭቃ ውስጥ ሆኖ፣ ጀሪካን ይዞ፣ ዝናብ እየደበደበው የውሃ ቦቴ ይጠብቃል። ይህን የሚያይ እንግዳ ቢኖር ምን ይለን ይሆን እያልን እንሳቀቃለን።

ያ ውሃ የሚተኛበት ምክንያት ሁለተኛው አቤቱታችን ነው። የመጨረሻዎቹ ረድፎች ብሎኮች የቆሙበትን ቦታ አርሶ አደሩ «ጨፌ» ነበር የሚለው። ጨፌ ሣሩ በበጋም የማይደርቅ፣ ክረምት ሲገባ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ እያለ የሚለቅ መስክ ነው። በአገራችን የቦታ ስም የመጀመሪያው የአፈር ጥናት ነው፤ ሰው ስም ያወጣው ዘመናት አይቶ ነውና። ዛሬ በዚያው ሳይት ጥበቃ ሆነው የሚሠሩ አንድ አዛውንት አርሶ አደር፣ ቅየሳው ሲካሄድ «እዚህ ውሃ ይተኛል» ብለው ለቀያሾቹ ነግረዋቸው ነበር። የተሰጣቸው መልስ ካስማውን እንዳይነቅሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ጨፌው በአስፋልትና በኮንክሪት ከተሸፈነ ወዲህ መሬት ይጠጣው የነበረው ውሃ መጠጫ አጥቶ ወደ ነባሩ ከተማ ታችኛው ሰፈር ይወርዳል፤ ባለፉት ሁለት ክረምቶች ጎርፍ የገባባቸው ቤቶች ከዚያ በፊት በነዋሪው ትውስታ ውሃ ገብቶባቸው የማያውቁ ናቸው።

የተቀረው መሬት ዋልካ ነው። ዋልካ አፈር ለጤፍና ለሽምብራ የተመረጠ፣ ለመሠረት ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በላዩ ያለውን ሁሉ በየዓመቱ ያነሣዋል፣ ይጥለዋል። ከባዱ ሕንፃ መሠረቱ ጠልቆ ከተሠራ ሊቋቋመው ይችላል፤ የማይቋቋሙት ቀላሎቹ ናቸው፦ የደረጃ መግቢያው፣ ኮብልስቶኑ፣ የአጥር ግንቡ፣ ከሁሉም በላይ ከመሬት ሥር ያለው የውሃና የፍሳሽ ቱቦ። በየዓመቱ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ቱቦ የሚሰበረው አርሶ አደሩ በመጥረቢያ መትቶት አይደለም፤ አፈሩ ሲሰበሰብ ጎትቶ ስለሚበጥሰው ነው። የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች በዚህ ጉዳይ አርሶ አደሮችን ስንከስ የኖርንበትን ክስ በዚሁ ደብዳቤ በይፋ ትተናል። ሁለተኛው ምዕራፍ የታሰበበት መሬት ከዚህ የባሰ ዋልካ ሆኖ ሳለ፣ በስብሰባው ላይ ስለ አፈር ምርመራ የቀረበ አንድም ወረቀት አልነበረም። መሬቱ ለምን ተመረጠ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠን መልስ «ሜዳ ስለሆነ ለሥራ ይመቻል» የሚል ነው።

አሁን ወደ ጎመኑ። እያንዳንዱ ብሎክ ሴፕቲክ ታንክ፣ ከእርሱም ቀጥሎ ውሃው ወደ መሬት እንዲሰርግ የተቆፈረ ጉድጓድ አለው። በዋልካ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ግን አያሰርግም፤ አፈሩ አንዴ ከራሰ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ታንኮቹ ከታሰበው ጊዜ በፊት ይሞላሉ፤ ከተማው ያለው የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ደግሞ አንድ ነው፣ ተራው እስኪደርስ ማንሆሉ ይገነፍላል። የገነፈለው በቦይ ወደ ወንዙ ይወርዳል። በበጋ የወንዙ ውሃ ሲቀንስ በውስጡ ከሚፈሰው የሚበዛው የእኛው ፍሳሽ ነው፤ አርሶ አደሩም በዚያው ወንዝ ጎመን፣ ሰላጣና ቀይ ሥር ያጠጣል፣ ሌላ ውሃ የለውምና። ምርቱ በዐቢይ ጾም ወደ ነባሩ ከተማ ገበያ ይሄዳል፤ የኮንዶሚኒየሙም ሰው የሚገበየው እዚያው ነው። ባለፈው ጾም በአንድ ሳምንት ውስጥ የሦስታችንም ወገን እናቶች በተቅማጥ የተያዙ ልጆቻቸውን አቅፈው አንድ ጤና ጣቢያ ወንበር ላይ ተገናኙ። ነርሷ ልጆቹ ምን እንደበሉ ስትጠይቅ መልሱ ተመሳሳይ ሆነ። በሽታው ከወንዙ መምጣቱን በምርመራ ያረጋገጠ የለም፤ ወንዙን የመረመረ ስለሌለ ነው። ይህ ኮሚቴ የተቋቋመው ከዚያ ወንበር በተነሣ ወሬ ነው።

ኮንዶሚኒየሙን ስናነሣ ከወረቀት ላይ የማይታዩ ነገሮች አሉ፤ አንዳንዶቹ ትንሽ ይመስላሉ። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ሃያ አባወራ ያለበት ብሎክ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ላይ እንደሚጋግር የትራንስፎርመሩን አቅም ያሰላ ሰው ከግምት አላስገባም፣ ወይም እንጀራ አይበላም። ለጋራ አገልግሎት የተሠራው ኮሙናል ቤት ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለዕርድና ለልብስ ማጠቢያ የታሰበ ነበር፤ ዛሬ ግማሹ ለሱቅ ተከራይቷል፣ ግማሹ የተረፈ ሲሚንቶና የተሰበረ በር ማከማቻ ሆኗል። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን የሚተክልበት ቦታ ስለሌለ የመኪና መንገዱ ይዘጋል፤ አስከሬን በአራት ፎቅ ጠባብ ደረጃ ሲወርድ በየመታጠፊያው ሣጥኑን ቀጥ አድርጎ ማቆም ግድ ይሆናል። ይህን ያየ ሰው ለምን የፕላን ባለሙያ አንድ ቀን ለቅሶ መድረስ እንዳለበት ይገባዋል።

ገበያም አልታሰበም። በፕላኑ ላይ «የንግድ ማዕከል» ተብሎ የተሰመረው ቦታ እስካሁን አጥር ብቻ ሲሆን፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በጉሊት የሚሸጡ ሴቶች መንገድ ዳር ከመቀመጥ ሌላ ምርጫ የላቸውም። ደንብ አስከባሪዎች በየጊዜው ዕቃቸውን ይወስዱባቸዋል። ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ከሳይቱ መሬት የተነሡ አርሶ አደር ሚስት ናቸው፤ ሽንኩርታቸው የተወሰደባቸው ቦታ ራሳቸው ሽንኩርት ያመርቱበት የነበረ ማሳ ነው። ትምህርት ቤትም የተሰመረ እንጂ የተሠራ የለም፤ ልጆቻችን ዋናውን የመኪና መንገድ ተሻግረው ነባሩ ከተማ ይማራሉ፤ የነባሩ ከተማ ልጆችም በእኛ ምክንያት ወደ ሁለት ፈረቃ ገብተዋል። ወደ ሥራ የሚሄደው ሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ታክሲ ወይም ባጃጅ ሰልፍ ላይ ይቆማል።

የአርሶ አደሮቹ ጉዳይ ለብቻው መነሣት አለበት። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ከመሬቱ በዘላቂነት ለሚነሣ ባለይዞታ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከነበረው ገቢ ከፍተኛውን ወስዶ በ15 እንዲባዛ፣ ከዚህም በላይ ተነሺው መልሶ እንዲቋቋም ያዛል። ከቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ጋር ሲተያይ የተሻለ ነው፤ ይህን አንክድም። በከተማችን የተፈጸመው ግን የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው፦ ገንዘቡ ተከፈለ፣ መልሶ ማቋቋሙ ቀረ። ዕድሜውን ሁሉ በሬ እንጂ ባንክ ለማያውቅ ሰው በአንድ ቀን የተሰጠ ገንዘብ እንዴት እንደሚያልቅ ለመገመት ጥናት አያስፈልግም፤ አንዱ ቤት ጀምሮ ከመስኮቱ በላይ ሳይደርስ ቆመ፣ አንዱ ባጃጅ ገዝቶ በሁለተኛ ዓመቱ ሸጠ። ልኬታው ሲደረግ ዕድሜያቸው ያልደረሱ ልጆች በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፣ መሬትም ካሣም ዕጣም የላቸውም።

ለሁለተኛው ምዕራፍ የተለካባቸው ደግሞ የባሰ ሁኔታ ላይ ናቸው። መሬታቸው ከተለካ ወዲህ ዛፍ አትትከሉ፣ ጉድጓድ አትቆፍሩ፣ ለሚያገባ ልጃችሁ ጎጆ አትቀልሱ ተብለዋል፤ ካሣም አልተከፈላቸውም። ተነሥተዋል እንዳይባል መሬቱ ላይ ናቸው፤ አሉ እንዳይባል በገዛ ይዞታቸው ላይ የሚያዙበት ነገር የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ለተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው ለተነካ ሰዎች ተመጣጣኝ ማካካሻ እንዲሰጥ፣ በአንቀጽ 43 እና በአንቀጽ 92 ደግሞ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ልማት ላይ እንዲመክሩበት ይደነግጋል። በማኅተም የጸደቀ ካርታ ለሕዝብ አሳይቶ ማጨብጨብ ከእነዚህ አንቀጾች ጋር እንዴት እንደሚታረቅ የሕግ ክፍላችሁ ቢያስረዳን እንወዳለን። እንዲሁም የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የሚጠይቀው ጥናት ለዚህ ማስፋፊያ ተሠርቶ ከሆነ እስካሁን ለማየት አልታደልንም።

ይህ ሁሉ በእኛ ከተማ የተጀመረ ችግር አይደለም፤ ልብ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው፣ የምንማርበት ነበርና። በአዲስ አበባ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ ቤቶች ፕሮግራም ብዙ ሰው የቤት ባለቤት አድርጓል። ነገር ግን ከተማዋ መሬት ባገኘችበት ዳር እየሰፋች ሄዳ፣ እንደ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ ያሉ ግዙፍ ሳይቶች ሰውን ከሥራው አርቀው አስፍረዋል፤ በ2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም መስመሩ አያትና ቃሊቲ ላይ ያበቃል እንጂ እነዚህ ሳይቶች ውስጥ አይገባም። በየካቲት 2011 ኮዬ ፈጬን ጨምሮ ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ የወሰንና የተነሺ አርሶ አደሮች ጥያቄ ገንፍሎ፣ ባለዕድለኛውም አርሶ አደሩም ተጎጂ ሆነው ርክክቡ ዘገየ። ከዚህም የከፋውን እናስታውስ። ሰንዳፋ ላይ የተሠራው አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ሥራ በጀመረ በወራት ውስጥ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ በ2008 ሲቆም፣ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ወደ አሮጌው ረጲ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 «ቆሼ» የተባለው ያው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጎረቤቱን ሳያማክር የተስፋፋ ከተማ ዕዳውን የሚከፍለው ጎረቤቱ ጋ ብቻ አይደለም።

ወደ ኋላም ብንሄድ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የማገዶ እንጨት ከማለቁ የተነሣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ፣ ከተማዋን በቦታዋ ያቆያት ባሕር ዛፍ እንደሆነ በትምህርት ቤት ተምረናል። ከተማ በዙሪያው ያለው ሀብት ሲያልቅ ሊነቀል እንደሚችል በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎች ያውቁ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ከተማ አይዛወርም፤ ቦቴ ነው የሚላክለት።

አስተዳደሩ የቤት ፈላጊው ቁጥር ስለሚጨምር መጠበቅ አይቻልም የሚል ክርክር እንደሚያነሣ እናውቃለን፤ በስብሰባውም ላይ ተነሥቷል። እውነት ነው፣ ቤት ፈላጊው ብዙ ነው። ሆኖም በነባሩ ከተማ መሐል በሊዝ ተወስደው በቆርቆሮ እንደታጠሩ ዓመታት ያስቆጠሩ ቦታዎች አሉ፤ ውሃም መንገድም መብራትም በደጃቸው ያልፋል። በአንዳንዶቹ ውስጥ በቆሎ ይዘራል። ከተማ መሐል በቆሎ እየዘራን ማሳ ላይ ፎቅ እንሠራለን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለ ፕላን ነው። በአንደኛው ምዕራፍም ሳይጠናቀቁ የቆሙ ብሎኮች አሉ፤ በሌሊት ማን እንደሚያድርባቸው ፖሊስ ያውቃል።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ የሁለተኛው ምዕራፍ ቁፋሮ እንዲቆይና የአንደኛው ምዕራፍ ጉድለት የነዋሪና የአርሶ አደር ተወካዮች ባሉበት ቤት ለቤት፣ ማንሆል በማንሆል ተመዝግቦ፣ የሚታረምበት ጊዜና በጀት በጽሑፍ እንዲገለጽ። ከእንግዲህም «ተጠናቀቀ» የሚለው ቃል በአስተዳደሩ ሪፖርት የሚገባው ቀለም ሲቀባና ቁልፍ ሲሰጥ ሳይሆን ውሃ አራተኛ ፎቅ ሲደርስና ፍሳሹ ወደ ወንዝ መግባቱ ሲቀር እንዲሆን።

የአዲሶቹ ጉድጓዶች አቅም በሚያዝያ ወይም በግንቦት፣ ነባሮቹ ጉድጓዶች እየሠሩ ሳለ፣ እንደገና እንዲለካ፤ ውጤቱም ለሕዝብ እንዲለጠፍ። የሚሠሩት ብሎኮች ብዛት በተገኘው ውሃ ይወሰን እንጂ ውሃው በብሎኮቹ ብዛት አይገመት። የጣሪያ ውሃ ማጠራቀሚያ በዲዛይኑ ውስጥ ይካተት፤ ከተሠራ በኋላ ለመጨመር ከመሞከር ቀድሞ ማሰቡ እንደሚረክስ ባለሙያዎቻችሁ ከእኛ በላይ ያውቁታል።

ለሁለቱም ምዕራፎች የሚሆን የፍሳሽ ማጣሪያ ሳይሠራ አንድም አዲስ ቤት ለነዋሪ እንዳይተላለፍ፤ እስከዚያው ሁለተኛ የመምጠጫ መኪና እንዲመደብ፤ የወንዙም ውሃ በጤና ባለሙያዎች ተመርምሮ ለአትክልት ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለው ለአርሶ አደሩም ለሸማቹም ይነገር። መልሱ አይሆንም ከሆነ የአርሶ አደሩ ገቢ የሚተካበት መንገድ አብሮ ይቅረብ፤ ጥፋቱ የእርሱ አይደለምና።

መሬታቸው የተለካባቸው አርሶ አደሮች በተቆረጠ ቀን ውስጥ ወይ በአዋጁ መሠረት ተከፍሏቸው መልሰው ይቋቋሙ፣ ወይ መሬታቸው ከልኬታው ነጻ መሆኑ በደብዳቤ ይሰጣቸው። የሚነሡትም ከከተማው ውጪ ሳይሆን በማስፋፊያው ውስጥ የመኖሪያ ቦታና የምድር ቤት ሱቅ ቅድሚያ ያግኙ፤ ከልኬታው በኋላ ዕድሜያቸው የደረሱ ልጆችም ይመዝገቡ።

ጨፌው የተረፈው ክፍል እንዳይነካ፣ የወንዙ ዳርቻም ለዛፍና ለሣር እንዲተው። የአገሪቱ የከተማ ፕላን አሠራር 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 30 በመቶውን ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ ይላል፤ በአዳራሹ የታየው ካርታ ላይ አረንጓዴ የተቀባው ቦታ የት እንደሆነ ለማየት መነጽር ያስፈልግ ነበር። በፕላኑ ላይ የጉሊት ገበያ፣ የእድር ድንኳን መትከያ፣ ትምህርት ቤትና የታክሲ ማቆሚያ ተሰምሮ ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ብሎክ ጋር አብሮ ተሠርቶ እንዲቆም እንፈልጋለን። በነባሩ ከተማ ታጥረው የተቀመጡ ቦታዎች ዝርዝርም ይፋ ይሁን።

በመጨረሻም፣ ፕላኑ በቀበሌዎችና በኮንዶሚኒየሙ ሳይት ለ60 ቀናት ተለጥፎ የጽሑፍ አስተያየት እንዲሰጥበት፣ ለእያንዳንዱም አስተያየት ተቀባይነት ያገኘበት ወይም ያላገኘበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲመለስ እንጠይቃለን።

ለዚህ ደብዳቤ በ30 ቀናት ውስጥ የጽሑፍ ምላሽ እንጠብቃለን። ኮሚቴው ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በኮሙናል ቤቱ፣ ከሲሚንቶው ክምር በተረፈው ክፍል ይሰበሰባል፤ ክቡር ከንቲባም ሆኑ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎቹ በፈለጉት ቅዳሜ ቢመጡ ከጨፌው ጀምረን እስከ አራተኛ ፎቅ ድረስ ይዘናቸው እንዞራለን።

ከሰላምታ ጋር፣

የጋራ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የነባሩ ከተማ ነዋሪዎች ተወካይ
የጋራ ኮሚቴው ጸሐፊ፣ የአንደኛው ምዕራፍ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ተወካይ
የጋራ ኮሚቴው አባል፣ ከአንደኛው ምዕራፍ መሬት የተነሡ አርሶ አደሮች ተወካይ
የጋራ ኮሚቴው አባል፣ ለሁለተኛው ምዕራፍ መሬታቸው የተለካባቸው አርሶ አደሮች ተወካይ
የጋራ ኮሚቴው አባል፣ የሳይቱ ጉሊት ነጋዴ ሴቶች ተወካይ

ግልባጭ፦
ለክልሉ የከተማ ልማት ቢሮ
ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት
ለሁሉም የከተማው ቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች